ምዕራፉን ይጨርሱት

ዶን ሮሳሜል ኦያርሶ በልጅነታቸው ከሞት አመለጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜ ደግሞ ሰው ጥቅስ ሲቆርጥ እያረሙ ኖሩበት።

ያመለጡት ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣበት እሑድ ነው። ያኔ አንቱ የሚላቸው አልነበረም፤ ገና ሮሳሜል ብቻ ነበር፣ ከታላቅ ወንድሙ ከአብዶን እግር ሥር የማይጠፋ ልጅ። ምድር ተናውጣ ጸጥ ስትል የመንደራችን የኮሊዌ ባሕር ወደ ኋላው ሸሸ። ማንም አይቶት የማያውቀው የባሕር ወለል ተገለጠ፤ ዛጎሉ ተቆፍሮ እንደ ወጣ ድንች ተዘርግፎ ተገኘ። ሰውም ድንጋጤውን ረስቶ ቅርጫት እያነሣ ወረደ። የቺሎኤ ደሴት ሰው እንዲህ ነው፤ ምድር ብትናወጥም ለራት የሚቀቀል ነገር ካየ አያልፍም። ወንድማማቾቹም ወረዱ። ያን ጊዜ ከዳገቱ ላይ የአንዲት ልጅ ጩኸት መጣ። ሮሳሜል ቅርጫቱን ጥሎ ወደ ጩኸቱ ሮጠ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ባሕሩ ተመለሰ። አብዶን አልወጣም።

ዶን ሮሳሜል ስለዚያ ቀን የሚናገሩት ይህን ያህል ብቻ ነበር። ሲጠየቁም ይህንኑ ይደግማሉ። ምዕራፍ ተቆርጦ ሲነበብ የሚያማቸው ሰው የራሳቸውን ታሪክ ግማሽ ላይ ቆርጠው መተዋቸውን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

ጉባኤ ያለ ፓስተር ሊኖር ይችላል። ያለ ጣሪያም ይኖራል፤ እኛ ኖረናል። ጥቅስ አራሚ የሌለበት ጉባኤ ግን እስከ ዛሬ አልተመሠረተም። የትም አገር ሂዱ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይዘመር፣ ከፊት ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ፣ መጽሐፉን ባርኔጣው ላይ ያስቀመጠ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛው ክቡር ዶን ሮሳሜል ነበሩ። ሰባኪው ስሜቱ ሞቅ ብሎት አንዲት ቁራጭ ጥቅስ ሲመዝ አመልካች ጣታቸው ቀስ ብላ ትነሣለች። ስትነሣ ያየ ሰባኪ ላብ ያጠምቀዋል።

"ምዕራፉን ይጨርሱት፣ ወንድሜ።"

ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ቁጣም የለበትም። እንግዳ በማዕድ ላይ ጨው እንደሚጠይቀው በትሕትና ነው የሚጠይቁት። ምዕራፉ ሲጨረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስብከቱም አብሮ ያልቃል።

የአልባኒዮ ሠርግ ላይ ሰባኪው "ወደምትሄድበት እሄዳለሁ" የሚለውን ቃል ለሙሽሪት ሲያነብላት ጣቲቱ ተነሣች። ምዕራፉ ተጨረሰ። ቃሉ ለባል ሳይሆን ለአማት የተነገረ መሆኑን ጉባኤው በሙሉ ተረዳ። የአልባኒዮ እናት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቅሱን የራሳቸው አደረጉት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ምራታቸው ወደሚሄዱበት ሁሉ ትሄዳለች። ጀልባ ነጂው ፊዴሊሲዮም በጀልባው ጎን ላይ "ሁሉን እችላለሁ" ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ዶን ሮሳሜል ከመወጣጫው ላይ ቆመው አነበቡና፣ ሐዋርያው ይህን ያለው መራብንም መቸገርንም ተምሬአለሁ ካለ በኋላ መሆኑን በቀስታ አስታወሱት። ፊዴሊሲዮ ሳቀባቸው። ሞተሩ ባሕር መሐል ቀጥ ያለ ቀን ግን እየቀዘፈ የተመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ድንቹ በብስባሽ ያለቀበትን ጎረቤት ሊያጽናኑ ሄደውም የኢዮብን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመሩለት። ከወዳጆቹ የሦስተኛው ንግግር ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ተጽናንቻለሁ ብሎ ለመናቸው። "ገና እኮ እግዚአብሔር አልተናገረም" ብለው ቀጠሉ።

ትዕቢተኛ ናቸው የሚሉ ነበሩ። ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ ያውም አስተማሪ ሳይኖራቸው ነው። ፊደል በስንት መከራ የገባለት ሰው ያነበበውን በግማሽ መተው አይሆንለትም። ትዕቢት ነው ከተባለም ይባል፤ በላብ የተገኘ ትዕቢት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ያለ ተጋጣሚ አይፈጠርም። የእሳቸው ተጋጣሚ እህት ኤልሲራ ናዌልኪን ነበሩ፤ ያች ከዳገቱ ላይ የጮኸችው ልጅ።

እህት ኤልሲራ ባላቸው የሞተባቸው፣ በደሴቱ ላይ የተመሰከረላቸው ጥንድ በሬዎች ያሏቸው፣ ከበሬዎቹ በላይ ደግሞ ድምፅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ሰው ማዶ ያለውን ጀልባ ለመጥራት ሲፈልግ እሳቸውን ይለምን ነበር። በጸሎት ጊዜ ያ ድምፅ ሲነሣ፣ መንፈስ ሲሞላቸውና ማንም በማያውቀው ልሳን ሲናገሩ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው አጠገባቸው ያለውን ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁታል፤ "ታች ድረስ ተሰማ?" ተሰምቷል እስኪባሉ ድረስ አይቀመጡም። በድምፃቸው ይኮራሉ እያልን እንስቅ ነበር።

በዚያ በመንቀጥቀጡ እሑድ ባሕሩ የዝምተኞቹንም የእሳቶቹንም ጸሎት ቤት ሳይመርጥ ወስዶታል። ዝምተኞቹ የምንላቸው የዶን ሮሳሜል ወገኖች ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚዘምሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ። እሳቶቹ የእህት ኤልሲራ ወገኖች ናቸው፤ የሚያጨበጭቡ፣ ትንቢት የሚናገሩ፣ በበሽተኛ ላይ እጅ የሚጭኑ። ከጥፋቱ በኋላ ለሁለት ቤት የሚበቃ እንጨት ስላልነበረ ዝምተኞቹ ጣውላውን አመጡ፣ የኤልሲራ ቤተ ሰብ በታችኛው ሜዳ ላይ መሬቱን ሰጠ፣ አንድ ቤት በአንድነት ተሠራ። ጠዋት ዝምተኞቹ፣ ከሰዓት በኋላ እሳቶቹ ያመልኩበታል። ሁለቱ ልጆች፣ ሮሳሜልና ኤልሲራ፣ አድገው እዚያው አረጁ።

ዋናው ነገር በሁለቱ መሐል ያለችው ሰዓት ነበረች። ዶን ሮሳሜል የጠዋቱ ሲያልቅ መስኮት እዘጋለሁ ብለው ይቀራሉ። እህት ኤልሲራ የከሰዓቱ ሳይጀመር ምድጃ አነድዳለሁ ብለው ይመጣሉ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ምድጃው ግን ይነድዳል፣ ማቴ የምንለው የቅጠል ሻይ በቅል ይቀርባል፣ የድንች ቂጣው ይቆረሳል፣ ክርክሩ ይጀመራል። ሕግም ነበራቸው። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ "እሱን ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ ደግሞ መናገር አለበት። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሁለቱም እኔ አይደለሁም ይሉ ነበር።

"እንግዲህ አንተ የምትለው፣" ይላሉ እህት ኤልሲራ የማቴውን ቅል እየሞሉ፣ "ሰው የማይገባውን ነገር በጉባኤ ከጮኽኩ ማንም አይጠቀምም ነው።"

"እሱን ነው።"

"የሚተረጉም ከሌለ ዝም ልበል ነው።"

"ሐዋርያው ነው ያለው። እኔ ፖስተኛ ነኝ።"

"ፖስተኛው ደብዳቤውን ይጨርሰዋ። እዚያው ምዕራፍ ላይ በልሳን መናገርን አትከልክሉ ይላል።"

"ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም በሥርዓት ይሁን ይላል።"

"የኔው ቀድሞ ነው የተጻፈው።"

"የመጨረሻው ቃል የኔ ነው።"

ሁለቱ ጥቅሶች በመጽሐፉ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ቅል እየጠጡ፣ ስንት ክረምት አሳለፉ። ከዚያ ምዕራፍ በፊት ያለውን፣ ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅር ነው የሚለውን፣ ግን ሁለቱም አይጠቅሱትም። እሱ ለሠርግ የተቀመጠ ነው ይሉ ነበር።

አይስማሙም እንጂ አይጠላሉም። ዶን ሮሳሜል ሳንባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ እህት ኤልሲራ ወገኖቻቸውን ይዘው መጡና እጃቸውን ጫኑባቸው። ተነሡ። በማግስቱ ክርክሩ ነርሷ ይዛ የመጣችው መርፌ ነው ወይስ ጸሎቱ ነው የሚል ሆነ። መርፌው ቀድሞ ነው የተወጋው ቢሉ፣ እህት ኤልሲራ የነርሷ ጀልባ በዚያ ማዕበል እንድትደርስ ከንጋት ጀምሮ የተጸለየ መሆኑን አስረዱ። ዶን ሮሳሜል "ይህን እይዘዋለሁ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ የለም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እህት ኤልሲራ ዘንድሮ መረቡ በዓሣ ይቀደዳል ብለው ትንቢት ተናገሩ። መረቡ የተቀደደው በዕድሜው ነው። መንደሩ ሳቀባቸው። ከራሳቸው ወገን ተነሥተው ሐሰተኛ ነቢይ ስለ ሆኑ ከእንግዲህ አይናገሩ ያሉ ነበሩ። ጉባኤ ተጠራ። በሩ አጠገብ፣ ማንም ሳይጋብዛቸው፣ ጣቲቱ ተነሣች። የሚናገሩት ይናገሩ፣ ሌሎቹም ይመዝኑት ነው የተባለው፤ የሳተ ይባረር አልተባለም፣ ምዕራፉን ይጨርሱት አሉ ዶን ሮሳሜል። ተጨረሰ። እህት ኤልሲራም አልተባረሩም። በቀጣዩ እሑድ ማቴ ሲያቀርቡላቸው ቅሉን ባልተለመደ ሁኔታ በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት።

በሁለቱ መሐል የማይነሣ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አብዶን።

እንዲህ እያለን ወጣቱ ፓስተር ዳጎቤርቶ ከዋናው ምድር ለእሳቶቹ ተልኮ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ የሚወድ፣ በዝናብ ሳይቀር ከቤት ቤት የሚዞር ልጅ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ጠዋት የሚከለከለው ከሰዓት በኋላ ሲፈቀድ ልጆች ምን ይማራሉ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የዝምተኞቹ ታናናሾችም ለካ ይህንኑ ሲያጉረመርሙ ኖረዋል። ቤቱ የዝምተኞቹ፣ መሬቱ የእሳቶቹ ነው፤ እንግዲህ ቤቱ ይውጣና ዝምተኞቹ በኮረብታው ላይ ወዳላቸው መሬት ይሂድ፣ እሳቶቹም በሜዳው ላይ የራሳቸውን ይሥሩ ተባለ። ሁሉም በፍቅር ነው የተባለው። ያ ነው የጎዳን። ተቆጥቶ የተነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይፈርስ ነበር። ዶን ሮሳሜል ኤልሲራ ትቃወማለች ብለው ዝም አሉ። እህት ኤልሲራ ሮሳሜል ይቃወማል ብለው ዝም አሉ። አንዱ ሌላውን ላለመጫን ሲከባበሩ ጉዳዩ አለቀ። ዶን ሮሳሜል አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ ምድጃው ለእህት ኤልሲራ ይቅር።

በእኛ ደሴት ቤት የሚሄደው በደቦ ነው። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም ግንድ ይገባለታል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ሰው ገመድ ይይዛል፣ ቤቱ ከነመስኮቱ ተነሥቶ ይጎተታል። የዝምተኞቹ በሬ ብቻውን ያን ቤት ከቦታው አያነቃንቀውም። ስለዚህ ከእሳቶቹ ለመለያየት የእሳቶቹ በሬ አስፈለገ። ደቦ የሚጠራ ሰው ደግሞ መልእክተኛ አይልክም፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በየደጁ ራሱ ይለምናል። የተለመነ ጎረቤትም እምቢ አይልም። እምቢ ያለ ሰው በኮሊዌ ተሰምቶ አይታወቅም።

ዶን ሮሳሜል ሁሉን ደጅ ለምነው ሲያበቁ የእህት ኤልሲራን መጨረሻ አደረጉት።

"በሬዎቹን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ሁለቱንም?"

"አንዱማ ምን ይሆነኛል።"

"ምዕራፉን ጨርሰው እንጂ፣ ወንድም ሮሳሜል። ለምን ፈለግካቸው?"

ዶን ሮሳሜል ባርኔጣቸውን በጣታቸው መሐል አዞሩት። "ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ። ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

"ጸሎት ቤቱን ልወስደው ነው።"

እህት ኤልሲራ ተነሥተው ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ፤ እሳቱ እንጨት አልጎደለውም ነበር። "ጎረቤት ሲለምን እምቢ አይባልም" አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ። "ለዚህ ነው ባትመጣ የወደድኩት።"

"እኔም እኮ፣" አሉ ዶን ሮሳሜል፣ "ምናልባት እምቢ ብትይ..." ሳይጨርሱት ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

የጉተታው ቀን ሰማዩ ዝናብ አረገዘ እንጂ አልዘነበም። መንደሩ በሙሉ ወጣ። የእህት ኤልሲራ በሬዎች ከፊት ተጠመዱ። ቤቱ ከሜዳው ተነቅሎ እየተንቋቋ፣ የመስኮቱን መስተዋት እያብለጨለጨ፣ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ቀስ ብሎ ሄደ። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ጭቃው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። በደቦ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚስበው በባለቤቱ ጥሪ ነው። ዶን ሮሳሜል ጣታቸውን አነሡና በሥርዓት፣ በተስተካከለ ድምፅ "ሳቡ" አሉ። የሰማቸው ግማሹ ሰው ነው። በሬዎቹ ጆሯቸውን እንኳ አላነቃነቁም። ደገሙ። ቤቱ ወደ ኋላው መንሸራተት ጀመረ፤ ከኋላ ግንድ የሚያስተካክሉ ሰዎች ነበሩ።

ያን ጊዜ እህት ኤልሲራ ጮኹ።

ቃል ነበር ወይስ ልሳን፣ ለበሬ ነበር ወይስ ለሰማይ፣ የነበርን ሁሉ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የሰማው ሁሉ ግን ሳበ። በሬዎቹ በጉልበታቸው ተንበረከኩና ተነሡ፣ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ቤቱ ከጭቃው ወጥቶ እስከ ኮረብታው ራስ ሳይቆም ሄደ። ዶን ሮሳሜል አልሳቡም። ገመዱ ከእጃቸው ወድቆ፣ ፊታቸው ነጭ ሆኖ፣ ወደ ታች ወደ ባሕሩ ይመለከቱ ነበር።

ከዚያ በግ ታርዶ፣ ድንች ተቀቅሎ፣ የፖም ጭማቂ ሲጠጣ ፊዴሊሲዮ የጀልባውን ቂም ሊወጣ ጠጋ አለ። "ዶን ሮሳሜል፣ እህት ኤልሲራ ሲጮኹ ተርጓሚ ነበረ እንዴ?"

"በሬዎቹ ገብቷቸዋል" አሉ ዶን ሮሳሜል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቀልድ አልተናገሩም።

የፈለጉትን አገኙ። በኮረብታው ላይ ሁሉም በአገባብና በሥርዓት ሆነ። ጠዋት ተዘምሮ፣ ተነብቦ፣ ተጸልዮ ሲያበቃ ዶን ሮሳሜል መስኮት ልዝጋ ብለው ይቀራሉ፤ ይዘጉታል። ከዚያ የሚሠራ ነገር የለም። አዲስ ምድጃ ተገዝቶ ነበር፤ ሲነድድ ያጨሳል እንጂ አያሞቅም። አንድ ቀን እንግዳ ሰባኪ መጥቶ አንዲት ጥቅስ ከወገቧ ላይ ቆረጣት። ሁላችንም ወደ ሁለተኛው ወንበር ዞርን። ጣቲቱ አልተነሣችም። ታመዋል ብለን ሾርባ ወሰድንላቸው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው መውረድ ጀመሩ። ወዴት ሲባሉ አጥሩን ልይ ነው ይላሉ። በዚያ በኩል አጥር የላቸውም። ከእሳቶቹ አዲስ ቤት ጀርባ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ አለ፤ እሱ ላይ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። መንደሩ ሁሉ ያያቸዋል፣ መንደሩ ሁሉ እንዳላየ ያልፋል። ይኼ የእኛ ጨዋነት ነው። ውስጥ ደግሞ እህት ኤልሲራ በጀልባው በኩል ያለውን መስኮት ይከፍታሉ። ክረምት ሲገባ ፓስተር ዳጎቤርቶ ሰው በረደው ብሎ ይዘጋዋል፤ እሳቸው ተነሥተው ይከፍቱታል። ሲጠየቁ ጭሱ ይውጣ ይላሉ። ያ የድሮው ምድጃ ደግሞ ጨርሶ አያጨስም።

ሁለቱ አልተነጋገሩም። ዶን ሮሳሜል ሳይጠሩ መግባት አይሆንላቸውም። እህት ኤልሲራም ቤቱን ይዞ የሄደ እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ ባይ ናቸው። እንዲሁ በአንድ መስኮት ሲተያዩ ሳይተያዩ ክረምቱ ከበደ።

አንድ እሑድ መስኮቱ ተከፈተ፣ ዝማሬው ወጣ፣ ጭብጨባው ወጣ፣ ያ ድምፅ ግን አልወጣም። ዶን ሮሳሜል ጠበቁ። በሚቀጥለውም እሑድ አልወጣም። ፊዴሊሲዮን ጠየቁት። እህት ኤልሲራ ጉሮሯቸውን ታመዋል፤ ሐኪሙ ድምፁ ይመለስ አይመለስ አይታወቅም ብሏል፤ ቤተ ክርስቲያኑ እየጸለየ ነው፤ እስካሁን ምንም የለም። ዶን ሮሳሜል ይህን ሲሰሙ ከጀልባው ላይ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቤቱን ዞረው በበሩ ገቡ።

የምስክርነት ጊዜ ነበር፤ በእሳቶቹ ዘንድ የፈለገ ተነሥቶ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል። ዶን ሮሳሜል ከኋላ ቆመው ጣታቸውን አነሡ። ፓስተር ዳጎቤርቶ የተናገረውን ሁሉ በልቡ ከለሰና ላብ አጠመቀው።

"የሚታረም አለ፣ ዶን ሮሳሜል?"

"አለ። የኔው ነው።"

እህት ኤልሲራ አንገታቸውን በሻል ጠምጥመው ከፊት ተቀምጠዋል። አልዞሩም።

"እኔና አብዶን እኩል ነው የሰማነው" አሉ ዶን ሮሳሜል። "ከዳገቱ የመጣው ጩኸት ቃል አልነበረውም። እኔ ፈሪ ስለ ነበርኩ ሮጥኩ። አብዶን ጎበዝ ነው፣ አስተዋይ ነው። ቆመ። ስሮጥ ከኋላዬ እሰማዋለሁ፤ 'ምን አለች? ምን አለች?' ይላል። እስከ መጨረሻው ድረስ ይኸንኑ ነበር የሚለው። የምትናገሩትን ተርጉሙልን እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የኖርኩት ለሥርዓት መስሏችሁ ይሆናል። ለአብዶን ነው።"

ተቀመጡ።  ዝናቡ ብቻ በቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

ያን ጊዜ ከፊት ወንበር፣ ከሻሉ መሐል፣ አንዲት ጣት ቀስ ብላ ተነሣች። የማን አመል እንደ ሆነ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። እህት ኤልሲራ ዞረው ነበር። ጣታቸው እንደ ተነሣች ናት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ከንፈራቸው ድምፅ በሌለው አፍ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ከጸሎት በኋላ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ያው ጥያቄ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በድምፃቸው የኮሩ መስሎን ስንስቅ ኖረናል።

ዶን ሮሳሜል እንደ ገና ተነሡ። አግዳሚዎቹን ይዘው፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ፊት ሄዱና አጠገባቸው ቆሙ።

"እሺ፣ እጨርሰዋለሁ" አሉ። "በትርጉሙ ዛሬም አልተስማማንም፣ ኤልሲራ። ስትድኚ ማቴውን አፍልተሽ ጠብቂኝ፣ እንቀጥላለን። ያን ቀን ግን አንቺም ልጅ ነበርሽ። ብቻሽን ሸሽተሽ ወደ ላይ መሮጥ ትችዪ ነበር፤ አልሮጥሽም፤ ቆመሽ ሁለታችንንም ጠራሽን። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ተሰምቷል። ታች ድረስ ተሰምቷል። አብዶንም ሰምቶሽ ነበር።"